የጉድጓድ ውሃና ጡት የሚጠባ ሕፃን
የበረትና የሽንት ቤት ፍሳሽ በመሬት ውስጥ ምን ይሆናል?



ስለ ውሃ ንጽሕና በሚሰጠው ትምህርት ሁላችሁም አንድ ነገር በሚገባ ተምራችኋል፤ ይኸውም ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ሳይጠጣ በፊት መፍላት እንዳለበት ነው። ይህ ትምህርት እውነተኛ ስለሆነ አትተዉት። ተቅማጥንና ኮሌራን የሚያመጡ ተሐዋስያን ውሃው ሲንተከተክ ይሞታሉ።

ነገር ግን ማፍላት የማያስወግደው፥ በጨርቅ ማጥለልም በመድኃኒት ማከምም የማያጠፋው ሌላ ጉዳት በውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህ ነገር ቀለም የለውም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ውሃው በብርጭቆ ሲታይ እንደ መስተዋት ጠርቶ ይታያል። ትልቅ ሰው ቢጠጣው ወዲያው የሚሰማው ነገር የለም። ፈጥኖ የሚጎዳው ገና ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን ነው።

ስሙ ናይትሬት ይባላል። የሚመጣውም ከሩቅ አገር አይደለም፤ ከገዛ በረታችን፥ ከገዛ ሽንት ቤታችንና ከገዛ ጓሯችን ነው። በዚህ ትምህርት ናይትሬት እንዴት እንደሚፈጠር፥ ሕፃንን እንዴት እንደሚጎዳ፥ በዓይን በማይታዩ ተሐዋስያን ሥራ እንዴት እንደሚጠፋ፥ በመጨረሻም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ምን ማድረግ እንደሚገባው በተራ እንመለከታለን።

ናይትሮጅን ምንድን ነው?

ናይትሮጅን በዙሪያችን ያለ ነገር ነው። የምንተነፍሰው አየር 100 እጅ ቢሆን 78ቱ እጅ ናይትሮጅን ነው። በአየር ውስጥ ሳለ ማንንም አይጎዳም። በሥጋ፥ በወተት፥ በእንቁላል፥ በባቄላና በሽሮም ውስጥ አለ፤ ሰውነትን የሚገነባው ምግብ ሁሉ ናይትሮጅን አለበት። ሰውነታችን የሚፈልገውን ያህል ወስዶ የተረፈውን ያስወጣል፤ የሚበዛውም የሚወጣው በሽንት ነው። ከብቶችም እንደዚሁ ናቸው።

ጧት የበረት በር ሲከፈት ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ይመጣል። ያ ሽታ አሞኒያ ይባላል፤ ከሽንትና ከእበት የሚወጣ ናይትሮጅን ነው። ከቤት አጠገብ ያለው መሬት ከሩቅ ማሳ ይልቅ በቆሎውንና ጎመኑን የሚያሳምረውም ይኸው ናይትሮጅን ስላለበት ነው። እንግዲህ ናይትሮጅን ጠላት አይደለም። በእርሻ ላይ ሲሆን ሀብት ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ጉዳት ነው። የሚጠቅመውና የሚጎዳው ቦታው ነው።

ሁለቱ ዓይነት ሠራተኞች

እናቶች ስለ ተሐዋስያን ሥራ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ ሲያድር ኩፍ ይላል፤ እንጀራውም በምጣድ ላይ ዓይን ያወጣል። ያን ዓይን የሚከፍተው በሊጡ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሐዋስያን የሚያወጡት ጋዝ ነው። የጠላ ጋን ደግሞ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ምክንያቱም ለጠላው አየር ሲገባበት አንድ ዓይነት፥ አየር ሲታገድበት ሌላ ዓይነት ተሐዋስያን እንደሚሠሩበት እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በልምድ ስለሚያውቁ ነው። ጋኑ ተከፍቶ ቢሰነብት ጠላው ይሆመጥጣል።

በመሬት ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአፈር ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ተሐዋስያን አሉ፤ ከነዚህም ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልጉን ሁለት ዓይነቶች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አየር የሚወዱ ናቸው። አፈሩ ልል ሆኖ አየር በሚገባበት ስፍራ ይኖራሉ። ከበረትና ከሽንት ቤት የሚወርደውን አሞኒያ ይቀበሉና ከአየር ኦክሲጅን ጋር አዋሕደው ናይትሬት ያደርጉታል። በዚያን ጊዜ ክፉው ሽታ ይጠፋል፤ ሰውም «ሽታው ጠፋ፥ እንግዲህ ቆሻሻው ጠፋ» ብሎ ያስባል። ዳሩ ግን አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። አሞኒያ በሸክላ አፈር ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ናይትሬት ግን አፈር አይዘውም። እንደ ጨው በውሃ ይሟሟና ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ቀድሞ በአውሮፓ ባሩድ ሠሪዎች ከአሮጌ በረት አፈር ቆፍረው የሚያወጡት ነጭ ጨው ይኸው የናይትሬት ጨው ነበር።

ሁለተኛዎቹ ያለ አየር መኖር የሚችሉ ናቸው። የሚገኙትም ውሃ በጠገበ ጭቃ፥ በረግረግ፥ በጥልቅ ስፍራ ነው። እነዚህ አየር ባጡ ጊዜ ከናይትሬት ውስጥ ኦክሲጅኑን ነጥቀው በእርሱ ይተነፍሳሉ። ኦክሲጅኑ ከተወሰደበት በኋላ የሚቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ፥ እንደ ሊጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወደ አየር ይመለሳል። ከአየር የመጣው ወደ አየር ሄደ ማለት ነው። ጉዳቱም በዚህ ያበቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ናይትሬትን ያበጃሉ፤ ሁለተኛዎቹ ያጠፉታል። ፍሳሽ ከናይትሮጅን እንዲነጻ ሁለቱም በተራ መሥራት አለባቸው፤ በመጀመሪያ አየር ያለው ስፍራ፥ ቀጥሎ አየር የሌለው ስፍራ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ ባዮጋዝ ጉድጓድ አንድ ቃል እንጨምር። ባዮጋዝ ያላችሁ ቤተ ሰቦች እበቱ አየር በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚነድ ጋዝ እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። በዚያ ውስጥ አሞኒያው አየር ስለማያገኝ ናይትሬት አይሆንም፤ ስለዚህም ናይትሮጅኑ አይጠፋም፤ ከጉድጓዱ በሚወጣው ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ ጥሩ ማዳበሪያ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዝቃጩ ወደ ማሳ ይሂድ፤ በጉድጓድ ውሃ አጠገብ አይከማች።

ታዲያ ናይትሬት ጉድጓድ ውስጥ ለምን ይገኛል?

ያለ አየር የሚኖሩት ተሐዋስያን ሥራቸውን እንዲሠሩ ሦስት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛ፥ አየር የማይገባበት ስፍራ ነው። ሁለተኛ፥ ምግብ ነው፤ ምግባቸውም የበሰበሰ ገለባ፥ ቅጠል፥ ሥር የመሳሰለው ነው። ሦስተኛ፥ ጊዜ ነው፤ ውሃው ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት።

ሽንት ቤቱ ወይም በረቱ ከውሃ ጉድጓዱ ጋር ሲቀራረብ እነዚህ ሦስቱ አይሟሉም። በተለይ መሬቱ አሸዋማ ወይም የተሰነጠቀ ቋጥኝ ከሆነ፥ የክረምቱ ውሃ ናይትሬቱን ይዞ በችኮላ ይወርዳል፤ ሠራተኞቹ ሳይደርሱበት ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ሽንት ቤቱ ጥልቅ ሆኖ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ያን ጊዜ ናይትሬት ብቻ ሳይሆን በሽታ አምጪ ተሐዋስያንም አብረው ይገባሉ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሽንት ቤት ባይቆፈር ይሻላል» እንዳይል። በሜዳ ላይ መጸዳዳት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ብዙ ሕፃናትን የሚገድለው ተቅማጥ የሚመጣው ከዚያ ነው። የምንለው ሽንት ቤት አይኑር አይደለም፤ በቦታው ይኑር ነው።

ሕፃኑን እንዴት ይጎዳዋል?

በአሜሪካ አገር አዮዋ በተባለው የእርሻ ክፍለ ሀገር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም.፥ ሐንተር ኮምሊ የተባለ ሐኪም መልካቸው ሰማያዊ ስለሆነ ሕፃናት ጽፎ አሳወቀ። ሕፃናቱ የልብ በሽታ አልነበረባቸውም። የሚጠጡት ወተት የሚበጠበጠው በእርሻ ቤት ጉድጓድ ውሃ ነበር፤ ውሃውም ሲመረመር ብዙ ናይትሬት ተገኘበት። ውሃው ሲለወጥላቸው ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ይህ በሽታ በብዙ አገር ታውቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደም ቅላት ሄሞግሎቢን ከሚባል ነገር የተነሣ ነው። ሥራውም ኦክሲጅንን ከሳንባ እየቀዳ ለመላው ሰውነት ማድረስ ነው፤ ውሃ እንደሚቀዳበት እንስራ ማለት ነው። ናይትሬት ወደ ሕፃኑ ሆድ ሲገባ በዚያ ያሉ ተሐዋስያን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ናይትራይት ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን ያበላሻል፤ አፏ በጭቃ እንደተመረገ እንስራ ያደርገዋል። እንስራዋ አለች፤ ነገር ግን ውሃ አትቀዳም። ሕፃኑም እየተነፈሰ አየር ያጣል።

ትልቅ ሰው የተበላሸውን ደም የሚያድስ ኀይል በሰውነቱ አለው። ሕፃን ግን፥ በተለይ ሦስት ወር ያልሞላው፥ ይህ ኀይል ገና አልጠናለትም። ከዚህም በላይ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን የሚጠጣው ብዙ ነው። ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ሲሰላ 1 ግራም ነው፤ የሻይ ማንኪያ ጨው ለስድስት ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ነው። ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር ምላስ አያውቀውም፤ ዓይንም አያየውም።

ማፍላትስ? ወጥ በእሳት ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን ስለማይተን ወጡ ጨው ይበዛበታል። ናይትሬትም እንደ ጨው ነው። ውሃው ብዙ በፈላ ቁጥር ናይትሬቱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ውሃን ስለ ተሐዋስያን እናፈላለን፤ ስለ ናይትሬት ግን ጉድጓዱን እንጠብቃለን።

ምልክቶቹና መደረግ የሚገባው

የሕፃኑ ቆዳ ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆን ሰማያዊው መልክ በፊቱ ላይ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ እናት የከንፈሩን ውስጥ፥ ድዱን፥ ምላሱን፥ የእጁንና የእግሩን ጥፍር ሥር በብርሃን ትመልከት። እነዚህ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አመድማ ከተለወጡ፥ ሕፃኑ ከደከመ፥ ለመጥባት ከሰነፈ፥ ካለ ልማዱ እንቅልፍ ከያዘው ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ አንድ ሰዓት ሳይባክን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሰማያዊ መሆን ከሳንባ ምች ወይም ከልብ ሕመምም ይመጣል፤ ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን አጣዳፊ ነው። «ዓይን ነው፤ እንጥሉ ወርዶበት ነው» እያሉ ቤት ማቆየት ሕይወት ያሳጣል። በመንገድ ላይ ጡት መስጠት ይቀጥል። ለሐኪሙ ሕፃኑ ውሃ ተሰጥቶት እንደሆነ፥ ውሃውም ከየት እንደተቀዳ ይነገረው። ቢቻል ከዚያው ውሃ በንጹሕ ጠርሙስ ይወሰድ። በሆስፒታል ለዚህ በሽታ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ በጊዜው የደረሰ ሕፃን ይድናል።

በብዙ ቤት የሚሰማ ንግግር

አንዲት የጤና ሠራተኛ ወደ አራስ ቤት ስትገባ ከአያቲቱ ጋር እንዲህ ያለ ንግግር ይሆናል።

— ልጄ፥ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጕሮሮው እንዲረጥብ ብለን ውሃ በስኳር እናቀምሰዋለን። አፍልተን ነው እኮ፤ ምን ይጎዳዋል?

— እማማ፥ ማፍላትዎ ደግ ነው። ለሌላው ቤተ ሰብ እንዲሁ ያፍሉ። ሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ውሃ አያስፈልገውም፤ የእናቱ ጡት ውሃውም ምግቡም ነው።

— ይህን ጉድጓድ ያስቆፈሩት አማቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ስምንት ልጅ አሳድጌበታለሁ፤ አንዱም በውሃው አልታመመብኝ።

— እውነትዎን ነው፥ እማማ። ያን ጊዜ በረቱ የት ነበር?

— ከዚያ ማዶ፥ ከዋርካው ሥር ነበር። አሁን ሌባ በዛና ወደ ቤት አስጠጋነው።

— ሽንት ቤቱስ?

— እርሱማ አምና የተቆፈረ ነው፤ ከበረቱ ጀርባ።

— እንግዲያው ጉድጓዱ የድሮው ጉድጓድ ነው፤ ጎረቤቶቹ ግን አዲስ ናቸው። ያን ጊዜ ከእርሱ በላይ ሣር ነበረ፤ አሁን እበትና ሽንት አለ።

— ታዲያ ላሚቱን ከሌባ አድኜ ሕፃኑን ልስጥ ነው የምትዪኝ?

— እንደሱ አይደለም፥ እማማ። ላሚቱም ትኑር፤ ሕፃኑም ይኑር። በረቱን ከቤቱ ታች በኩል እናዛውረው፤ እዚያም ከቤት ሆኖ ይታያል። እስከዚያው እበቱ በየጧቱ ይጠረግ፤ ሽንቱም በቦይ ወደ ታች ይፍሰስ። ሕፃኑ ጡት ብቻ ይጥባ። ውሃውን ደግሞ እናስመረምረዋለን።

አያቲቱ የተናገረችው ሐሰት አይደለም። ውሃው ቀድሞ መልካም ነበር። ነገር ግን ቤተ ሰብ ሲበዛ፥ ከብት ሲጠጋ፥ ሽንት ቤት ሲጨመር የጉድጓዱ ዙሪያ ይለወጣል። ስለዚህ «ዱሮም የጠጣነው ነው» ማለት ለዛሬው ውሃ ዋስ አይሆንም።

በሌላ አገር ፍሳሽ እንዴት ይነጻል?

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በትልልቅ ከተሞች የብዙ ሺህ ሰው ፍሳሽ በአንድ ቦይ ስለሚሰበሰብ እነዚያን ሁለት ዓይነት ሠራተኞች በገንዳ ውስጥ አኑሮ ማሠራት ተለምዷል። በአንዱ ገንዳ ውስጥ አየር በመኪና ይነፋል፤ በዚያ አሞኒያው ናይትሬት ይሆናል። በሌላው ገንዳ ውስጥ አየር ይከለከላል፤ በዚያ ናይትሬቱ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። በአፍሪካ በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው በደቡብ አፍሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጄምስ ባርናርድ ነው። እርሱ በ1970ዎቹ ዓመታት አየር ያላቸውንና የሌላቸውን ገንዳዎች በተራ የሚያገናኝ አሠራር አወጣ፤ ይህም አሠራር በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

ከዚያም በኋላ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ተገኘ። ኤንገልበርት ብሮዳ የተባለ የኦስትሪያ ሊቅ በ1977 ዓ.ም. አሞኒያን ያለ አየር ወደ ጋዝ የሚለውጡ ተሐዋስያን በዓለም ላይ መኖር አለባቸው ብሎ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ያያቸው ሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድ አገር በዴልፍት ከተማ በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ተገኙ፤ አናሞክስም ተባሉ። እነዚህ አሞኒያንና ናይትራይትን ያለ አየር አዋሕደው ናይትሮጅን ጋዝ ያደርጋሉ። ቀስ ብለው ስለሚራቡ ማሳደጋቸው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን የሚነፋው አየር ስለሚቀንስ ወጪ ያተርፋሉ። በ2002 ዓ.ም. በሮተርዳም ከተማ በትልቅ ገንዳ ሥራ ጀመሩ።

የገጠር ቤት ይህን ሁሉ መኪና ሊገዛ አይችልም፤ አያስፈልገውምም። ነገር ግን ሕጉ አንድ ነው። ያ የሕፃናቱ ወሬ በተሰማበት በአዮዋ ዛሬ ገበሬዎች ከማሳ ሥር የሚወጣውን ውሃ የእንጨት ፍቅፋቂ በሞላበት ቦይ ውስጥ ያሳልፉታል። እንጨቱ ለተሐዋስያኑ ምግብ ይሆናል፤ ውሃ የሞላበት ቦይ ደግሞ አየር አይኖረውም። ውሃው ቀስ ብሎ ሲያልፍ ናይትሬቱ ይቀንሳል።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ማጣሪያ ሰው ሳይሠራው የተሠራ አለ፤ እርሱም ረግረግ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚበቅልበትን ጭቃ አስቡ። ጥቁር ነው፤ አየር የለውም፤ በበሰበሰ ሥርና ቅጠል የተሞላ ነው፤ ውሃውም በዝግታ ያልፍበታል። ሦስቱ ነገሮች ሁሉ አሉበት። ከማሳና ከመንደር የሚወርደው ናይትሬት በዚያ ሲያልፍ ከፊሉን ተክሉ ይወስደዋል፤ ከፊሉን ተሐዋስያኑ ወደ አየር ይመልሱታል። ረግረጉ ሲታረስና ደንገሉ ሲመነጠር ግን ያ ሁሉ ወደ ሐይቁ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረም የሚፋፋው እንዲህ ባለው ከየብስ በሚወርድ ምግብ ነው። ስለዚህ በመንደራችሁ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ዳር ረግረግና የሣር መስክ ቢኖር ጠብቁት፤ እስከ ውሃው ዳር ድረስ አትረሱ።

እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚገባ

1ኛ. ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ውሃ፥ የአብሽ ውሃ፥ ስኳር በውሃ፥ ቅቤም አይሰጠው። በበጋ ሙቀትም ቢሆን ጡት ይበቃዋል፤ ከእናት ወተት የሚበዛው እጅ ውሃ ነውና። እናቲቱ ናይትሬት ያለበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ወተቷ የሚያልፈው ጥቂት ነው።

2ኛ. እናት በሞት ወይም በሕመም ምክንያት ማጥባት ካልቻለች ስለ ሕፃኑ ምግብ የጤና ሠራተኛ ይጠየቅ። ወተት የሚበጠበጥበትም ውሃ ከተመረመረ ምንጭ ወይም ቧንቧ ይቀዳ፤ ስለ ተሐዋስያንም ይፍላ።

3ኛ. ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በሰው እርምጃ 40 ያህል ነው። ሁልጊዜም ከጉድጓዱ ታች በኩል ይሁን። መሬቱ አሸዋ ወይም የተሰነጠቀ ቋጥኝ ከሆነ ከዚያም በላይ ይራቅ፤ ናይትሬት ከተሐዋስያን ይልቅ ሩቅ ይሄዳልና።

4ኛ. የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለል በክረምት ከሚደርሰው የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ሲቆፈር ውሃ ካፈለቀ ስፍራው አይሆንም፤ ይደፈን፤ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

5ኛ. በረትም እንደ ሽንት ቤት ይቆጠር፤ ከጉድጓዱ በላይ አይሠራ። እበቱ በየቀኑ ተጠርጎ ከገለባና ከቅጠል ጋር ይከመር፤ ክምሩም ዝናብ እንዳያጥበው ይከደን። ገለባው ለተሐዋስያኑ ምግብ ስለሚሆን ናይትሮጅኑን ይዘው ያቆዩታል፤ ኋላም ለማሳው ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

6ኛ. የውሃ ጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገንባ፤ ክዳን ይኑረው። በዙሪያው የፈሰሰውን ውሃ የሚያርቅ ቦይ ይቆረጥ። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ከጉድጓዱ ይራቅ፤ ልብስም በአፉ ላይ አይታጠብ።

7ኛ. የዕቃና የገላ እጣቢ በአንድ ቦታ እየተደፋ አይጠራቀም። ለጌሾው፥ ለሙዙ፥ ለዱባው ሥር በተራ ይፍሰስ፤ ተክሉ ናይትሮጅኑን ይመገበዋል።

8ኛ. ዩሪያና ሌላ ማዳበሪያ በጉድጓድ አጠገብ አይቀመጥ፤ ከረጢቱም በዚያ አይታጠብ። ማዳበሪያ ሰብሉ በሚፈልገው ጊዜ በመጠኑ ይጨመር፤ የተረፈው ከዝናብ ጋር ወደ ታች ይወርዳልና።

9ኛ. ቤት ውስጥ አራስ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች የጉድጓዱ ውሃ እንዲመረመር ለወረዳው የውሃ ወይም የጤና ጽሕፈት ቤት ይነገር። በተለይ ከክረምት በኋላ ማስመርመር ይጠቅማል። ናይትሬት ከበዛበት ውሃው ለልብስና ለከብት ይሁን፤ ለሕፃን ግን ከሌላ ይቀዳ።

10ኛ. የሞላ ሽንት ቤት በአፈር ይደፈን፤ በላዩም ዛፍ ይተከል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይቆፈር።

ማታ በእሳት ዳር የምትጠያየቋቸው ጥያቄዎች

1. ከቤታችን ሽንት ቤት እስከ ውሃ ጉድጓዱ ስንት እርምጃ ነው? ነገ ጧት ቁጠሩት።
2. ዝናብ ሲዘንብ ከበረታችን የሚወጣው ውሃ ወዴት ይፈሳል?
3. ማፍላት ተሐዋስያንን ሲያጠፋ ናይትሬትን ለምን አያጠፋም? የወጡን ጨው አስታውሱ።
4. ያለ አየር የሚሠሩት ተሐዋስያን የሚፈልጓቸው ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
5. የሕፃን ከንፈር ውስጥና ጥፍር ሰማያዊ ሆኖ ቢታይ ምን እናደርጋለን?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፥ ተሐዋስያኑ ያለ ደመወዝ ሌትና ቀን ይሠሩልናል። ከእኛ የሚፈልጉት ስፍራና ጊዜ ብቻ ነው። አርባ እርምጃ መሬት ለእነርሱ ብትተዉላቸው ቆሻሻውን ያነጹላችኋል፤ ብትነፍጓቸው ግን ዕዳው በሕፃኑ ላይ ይወድቃል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት።